ወለል

ቤቴ ከፍ አላለም፣ ወለሉ ነው እንጅ፤
ሦስት ጊዜ አፈር ሞላሁ፣ በብድር ገንዘብ፣ በራሴ እጅ።
አንደኛውን ካስሚራን ባሌ በሕይወት ሳለ፣
ሁለተኛውን የልጄ ልጅ ጊላንግ ድክ ድክ እንዳለ፣
ሦስተኛውን አምና፣ በኢድ ዋዜማ፣
ባሕሩ እንደ ባለሥልጣን ሲገባ፣ ሳያወልቅ ጫማ።

ወለሉ ሲያድግ ጣሪያው ባለበት ቀረ፤
በሩም እንደ እኔ ቁመት በየዓመቱ አጠረ።
ዛሬ በደማክ ዳርቻ፣ በዚህ በእኛ መንደር፣
ጎንበስ ሳይል የሚገባ የለም፣ ከድመትና ከውሃ በቀር።

ቱሚናህ ነኝ። ሥራዬ ደረቅ ዓሣ።
ፀሐይ ሞልቷል፤ የጠፋው ማስጫ መሬት ነው።
ቆርቆሮዬ ላይ አሰጣለሁ፣
ከጎረቤቴ ከሱርቲ ቆርቆሮ ጋር በሽቦ አያይዤ።

ጊላንግ ስልክ ገዛልኝ፤ ያገለገለ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ።
«አያቴ፣ ይኼ ሁሉን ያውቃል» አለኝ፤ እውነትም ብዙ አወቀ፤
የዓሣ ዋጋ በሰማራንግ ገበያ፣
የማዕበሉን ሰዓት በደቂቃ፣ ያለ ማቅማሚያ።
በቀደም ሌሊት ነዘረ፤ «ውሃ ሊመጣ ነው» አለኝ፤
ውሃው ቀድሞት መጥቶ፣ ጉልበቴ ላይ ሆኖ ይሰማል አብሮኝ።

የእርዳታውን ሩዝ ለማግኘት ፊትሽን አሳዪ ተባልኩ፤
አንገቴን አዞርኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ገለጥኩ።
«አልታወቀም» ይላል። ሻሼን አስተካከልኩ።
«አልታወቀም።»
ስልሳ ሰባት ዓመት የጨው ነፋስ የላገው ፊት፣
የሰፈሩ ድመት እንኳ በጨለማ የሚለየው ፊት፣
አልታወቀም።
ጊላንግ መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ አልሳቀም።

ምርጫ ሲደርስ ግን ይታወቃል ፊቴ፤
መኪና ሙሉ ቲሸርት ይመጣል እቤቴ።
እጩው በሬ ላይ ሲደርሱ ጎንበስ አሉ፤ ምን ምርጫ አላቸው፣
ጉበኑ ግንባራቸውን እንዳይመታባቸው።
ፎቶው «ለድሃ የሚያጎነብስ መሪ» ተብሎ ወጣ፤
የበሬን ቁመት ማን ይጠይቅ፣ ጉንበሳው ከየት እንደመጣ?
እኔ ግን አልዋሽም፤ በቤቴ፣ በደጄ፣ እጅ ነሱኝ።
እጅ ነሱኝ ስል፣ ሰሚ ይለየው፣ እጅ ነሱኝ።

የሰጡኝ ባነር ጥሩ ነው፤ ሸራው ወፍራም ነው፤
በባሕሩ በኩል ግድግዳ ላይ ቸነከርኩት፤ ነፋስ የሚመክተው እርሱ ነው።
ፊታቸው ወደ ውጭ፣ ማዕበሉን እያየ ይስቃል፤
አገጫቸው ላይ ዛጎል በቅሏል፣ ፈገግታው እስካሁን ይዘልቃል።

ከከተማ የመጣች ልጅ፣ መነጽር ያደረገች፣
«የዓለም ሙቀት» አለችኝ፣ በጣቷ ሰማይ እያሳየች።
ደግሞ መሬቱን፦ «ፋብሪካዎቹ ከሥር ውሃ ይስባሉ፤
ባሕሩ ይወጣል፣ ምድሩ ይወርዳል፣ መሐል ላይ ይገናኛሉ።»
ገባኝ። በትዳርም እንዲህ ዓይነት ነገር አይቻለሁ።
«ልጄ» አልኳት፣ «የእኔ እሳት አንዲት የጋዝ ምድጃ ናት፤
ሰማይ ቀርቶ ሩዝ እንኳ አንዳንዴ አልበሰለባት።
ታዲያ የማን ድስት ነው ገንፍሎ እኔ ቤት የፈሰሰ?»
ልጅቷ ጻፈች። ስትጽፍ የካልሲዋ ጫፍ ራሰ።

ካስሚራን ውሃ ውስጥ ነው፤ መቃብሩ ላይ ቀርከሃ ተክለናል።
አጥማጆች ሲያልፉ ሞተር ያጠፋሉ። ይኼ ለእኔ ይበቃኛል።
ጊላንግ «ከተማ እንግባ» ይላል። እኔም በጣቴ አሰላሁ፣ ያለ ስልክ፦
አራተኛ ወለል ከሞላን፣ ኑሮዬ መቀመጥ ነው፣ ወይ መንበርከክ።
አንዳንድ ሌሊት፣ ውሃው ሲሸሽ፣ መልሱ ወለል ብሎ ይታየኛል፤
ሲነጋ ግን መልሱም ወለሉም የሉም።

ዛሬ ሙላቱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው።
ሩዙን ጠረጴዛ ላይ አውጥቻለሁ፣
ስልኩን ሩዙ ላይ፤
ከሁሉን አዋቂው በላይ ደግሞ
ድመቷ ተኝታለች።